የእትዬ ማንያህልሻል የጾም ሥጋ

ጥሩንባ ነፊው እኛ በር ሲደርስ የሱብሂን ሶላት ጨርሼ ገና ከመስገጃዬ አልተነሳሁም ነበር። «እድርተኛ ሁሉ ስማ! ወይዘሮ ማንያህልሻል አርፈዋል! ቀብር ስድስት ሰዓት ነው! ያልሰማህ ስማ!» ብሎ ጥሩንባውን ነፋና ወደ ላይ፣ ወደ ሽሮ ሜዳው መንገድ ቀጠለ። እኔ እዚያው በተቀመጥኩበት ደርቄ ቀረሁ። «ኢና ሊላሂ» አልኩ። ደግሜ «ኢና ሊላሂ» አልኩ። ግን ወላሂ አልዋሽም፣ ከእንባዬ ቀድሞ የመጣብኝ ሌላ ነገር ነው። «እንግዲህ ዘሃራ፣ ትናገሪያለሽ ወይስ አትናገሪም?» የሚል ሐሳብ ነው የመጣብኝ።

ስንት ዓመት ሆዴ ውስጥ የተቀመጠ ነገር አለ። የነገሩ ባለቤት ራሷ ናት «እኔ ቆሜ እያለሁ ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ከሞትኩ ወዲያ እንደፈለግሽ» ያለችኝ። ይኸው ሞተች። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ። ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ እስከ በር ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ባሌ ሸምሱ ከአልጋው ሆኖ ያየኛል።

«ምን ያቁነጠንጥሻል? ቁጭ ብለሽ አልቅሺ እንጂ» አለኝ።

«ልናገር ነው» አልኩት።

ምኑን እንደሆነ አልጠየቀኝም፣ ያውቃል። «በአላህ ይዤሻለሁ፣ ለቅሶ ቤት ገብተሽ ነገር እንዳታነሺ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እሱ እንደዚህ ነው፣ ነገር ሲመጣ ግድግዳ ይወዳል።

እስቲ መጀመሪያ እሷን ላሳውቃችሁ።

የኛ ቤትና የእትዬ ማንያህልሻል ቤት የሚለየው በአንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ከአዲሱ ገበያ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ባህር ዛፉ በሚጀምርበት በኩል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀሚሷን ሁልጊዜ ወገቧ ላይ ሸብ ያደረገች ሴት ነበረች። ልጅ አልነበራትም። ጠላ ጠምቃ ትሸጣለች፣ በዚያ ትኖራለች። ቁጭ ብላ አይቻት አላውቅም ብል ማጋነን አይደለም። ስትበላም ቆማ ነው፣ ስታወራም ቆማ ነው፣ ስትቆጣማ አትጠይቁኝ። «እስቲ አረፍ በይ፣ እትዬ» ስላት «አፈር ስሆን አርፋለሁ» ትለኝ ነበር።

እንዴትስ ትረፍ? ግቢዋ የሰው ግቢ አልነበረም። ሁለት ፈረስ፣ ሦስት ውሻ፣ ድመቱን ደግሞ አላህ ይቁጠረው። ገና ጎሕ ሲቀድ አተላውን ከፉርሽካ ጋር በባልዲ እየለወሰች ድምጿ ይሰማኛል። «ቦራ፣ ጆሮህን አትጣልብኝ፣ ጠላቴ አይደለሁም!» ቦራ ግንባሩ ነጭ የሆነ ክፉ ፈረስ ነበር፣ ከእሷ በቀር ሰው አያስጠጋም፣ ይነክሳል፣ ይራገጣል። ሌላዋ ሸጋ የምትባል አንድ ዓይኗ የጠፋ ባዝራ ናት፣ እሷ ምስኪን ናት። ሁለቱን አብልታ፣ ገላቸውን በመጥረጊያ ጠርጋ፣ ኮቴያቸው ውስጥ የተሰነቀረውን ጠጠር በምስማር ፈልቅቃ ስትጨርስ ውሾቹ ይጠብቋታል። ውሾቹ ሲጠግቡ ድመቶቹ ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ይወርዳሉ። ድመቶቹ ሲያልቁ ፈረሶቹ እንደገና ይርባቸዋል። ቀኑን ሙሉ ስትዞር ነው የሚመሽባት። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ ይደክመኝ ነበር፣ ወላሂ።

እንስሶቹ በምርጫ የመጡ አይደሉም። ባሏ ጋሽ ወርቁ ለአንድ ፈረንጅ ፈረስ ጠባቂ ነበር። አብዮቱ ሲፈነዳ ፈረንጁ «ቶሎ እመለሳለሁ፣ አደራህን» ብሎ ሻንጣውን ይዞ ሄደ። ጋሽ ወርቁ ፈረሱንም፣ ጋሪውንም፣ ውሻውንም፣ ድመቱንም ነድቶ ቤቱ አመጣ። ብዙም ሳይቆይ ሳንባው ታሞ ሞተ። ሊሞት ሲል እጇን ይዞ ስለ እሷ አልተናገረም፣ ስለ ራሱም አልተናገረም። «እንስሶቹን አደራ» ነው ያላት። እሷም ይህን እያነሳች ትስቅ ነበር። «እኔን አደራ የሚለው ሰው አጣ፣ ቦራን ግን ለእኔ አደራ አለ!» ትላለች። ሳቋ ሲያልቅ ግን «አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው» ብላ ባልዲዋን ታነሳለች።

የውሾቹን ስም እሷ ናት ያወጣችው፣ እንደ አገር ቤት ሰው፣ በነገር። አንዱ ቻለው ነው። ሁለተኛው ምናገባህ። ሴቷ ታዘብኩ። ጎረቤት ሲያማት፣ ወይ ቀበሌ ሲነዘንዛት፣ አንድ ቃል አትመልስም፤ በር ላይ ትወጣና «ምናገባህ! ኧረ ምናገባህ! ና ግባ!» ብላ ትጣራለች። ሰውየው ይቀላል፣ ውሻው ጭራውን እየቆላ ይመጣል። ማን ይከሳታል?

እኔ ግን ከውሾቹ ጋር አልስማማም ነበር። እንዴት ልስማማ? ታዘብኩ ደግሞ የምትወደው እኔን ነው። አጥሩን በታች በኩል ፈልፍላ ትመጣና አፍንጫዋን ቀሚሴ ላይ ታሳርፋለች፣ ያውም ለሶላት ታጥቤ፣ ዉዱእ አድርጌ ስወጣ። «እትዬ! ያቺን ነገር ያዢልኝ! ሰባት ጊዜ ልታሳጥቢኝ ነው፣ አንዱን ባፈር!» ብዬ ስጮህ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ ታደርጋለች። «ምን ላድርግ ዘሃራ? ከኔ ቤት እስላም የሆኑት ድመቶቹ ብቻ ናቸው። እነሱን ውሰጂ» ትለኛለች። ተናድጄ ልታጠብ ስገባ እየሳቅኩ ነው የምገባው።

የሷ ክርስትና ደግሞ ለጉድ ነበር። ረቡዕና አርብ አይጠየቅም። በሑዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ በአፏ አይዞርም፣ አንዲት ፍሬ ቆሎ እንኳ አትቀምስም። እንዲያ እየጾመች ነው ያን ሁሉ ባልዲ የምትሸከመው። ታዲያ ሑዳዴ ለውሻ ክፉ ወር ነው። የክርስቲያን ሥጋ ቤት ሁሉ ይዘጋል፣ በየደጁ የሚጣል አጥንት የለም፣ የሰፈር ውሻ ጎኑ ይቆጠራል። ክፍት ሆኖ የሚቆየው የኛ፣ የእስላም ሥጋ ቤት ነው። የሸምሱ ሱቅ አዲሱ ገበያ መግቢያ ላይ ነበረች። እንደምታውቁት፣ ክርስቲያን እስላም ያረደውን አይበላም፣ እኛም የእነሱን አንበላም፤ ጎን ለጎን ስንኖር ተከባብረን የምንኖረው እንደዚህ ነው። እትዬ ማንያህልሻል ግን በየዓመቱ በሑዳዴ ዘንቢሏን ይዛ ወደኛ ሱቅ ትመጣለች። ሳንባና አጥንት ትገዛለች። ዘንቢሉን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣ ከገላዋ አርቃ፣ አፍንጫዋን ሸፍና ትሄዳለች። ለውሾቿ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ማንም ክፉ አላሰበም። የማርያም ማኅበር ጓደኞቿ እንዲያውም «ውሾችሽን አሰለምሻቸው!» እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

ከዚያ ያ ዓመት መጣ።

አንድ ያበደ ውሻ ከወደ ጳውሎስ መጥቶ የሰው ልጅ ነከሰ። ቀበሌው ተቆጣ። በስብሰባ ላይ «በዚህ ቀበሌ አንድ ውሻ እንዳይቀር» ተባለ። የታሰረም፣ ያልታሰረም፣ ባለቤት ያለውም፣ የሌለውም ተሰብስቦ ይገደላል። የደበቀ ሰው አሻጥረኛ ነው፣ ይታሰራል። በዚያን ጊዜ «ይታሰራል» የሚለው ቃል እንዲህ እንደ ዛሬ ቀላል አይደለም። የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ፣ መውጣቱንም የሚያውቅ የለም። ሰው እያለቀሰ ውሻውን በገመድ ጎትቶ አስረከበ። ይህን የሚያስፈጽመው የአብዮት ጥበቃው ተስፋዬ ነበር። ተስፋዬ የሩቅ ሰው አይደለም፣ የእትዬ ሸዋረገድ ልጅ ነው። እትዬ ሸዋረገድ ደግሞ የእትዬ ማንያህልሻል የልብ ጓደኛ፣ የማርያም ማኅበሩ አለቃ ናቸው። ተስፋዬ በልጅነቱ የእትዬ ማንያህልሻልን ፈረስ እየለመነ ይጋልብ ነበር አሉ። ጠመንጃ ሲይዝ ሌላ ሰው ሆነ።

እትዬ ማንያህልሻል ምን አደረገች መሰላችሁ? ሰው ሁሉ እያያት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሦስቱን ውሾች በገመድ ይዛ፣ ቦራን ጋሪው ላይ ጠምዳ ወደ እንጦጦ ወጣች። «አላስገድላቸውም፣ ጫካ ለቅቄያቸው እመጣለሁ፣ ጅብ ይብላቸው» አለች። ተስፋዬም «ይሁን» አለ። ማታ ልትገባ አልቻለችም፣ በማግስቱ ረፋዱ ላይ ጋሪዋን ሙሉ ድርቆሽ ጭና ተመለሰች። የግቢዋን በር እኔ ነኝ የከፈትኩላት። ጋሪው ሲገባ ድርቆሹ አነጠሰ።

«አላሁ አክበር!» አልኩ። «እትዬ፣ ድርቆሹ አነጠሰ እኮ!»

«ይማርህ በይው» አለችኝ፣ ፊቷ ወረቀት መስሎ። «በሩን ዝጊ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ቀረ። ውሾቹን ጋጣው ውስጥ፣ ከቦራ በስተጀርባ ከድርቆሹ ኋላ ደበቀቻቸው። ፈታሾቹ አንድ ሁለቴ መጡ፣ ቦራ ጥርሱን አገጠጠባቸው፣ አንዱን ሊረግጠው ምንም አልቀረው፣ ጋጣውን ሳያዩ ወጡ። ግን ድምፅስ? ውሻ አፍ አለው። ድመቶቹ ሲጣሉ እደነግጣለሁ። ሸጋ ስታስነጥስ እደነግጣለሁ። ዱቄት ስነፋ ወንፊቱን አቁሜ አዳምጣለሁ። እሷ ትሁን እኔ ማናችን ይበልጥ እንደምንፈራ አላውቅም። አንድ ነገር ነው ያወቀችው፤ የጠገበ ውሻ አይጮህም፣ ይተኛል። የራበው ነው ጉድ የሚያፈላ። ወሩ ደግሞ ሑዳዴ። ከኛ ሱቅ በቀር ሥጋ የት አለ?

«ዘሃራ፣ ሳንባ» ትለኛለች በአጥሩ ቀዳዳ። ሌላ ቃል የላትም። እኔ በሻሼ ስር፣ በባልዲ ስር እያደረግሁ አሻግርላት ጀመር። እኔ ዘሃራ፣ ከውሻ ጋር ጠበኛዋ! ሸምሱ «አንድ ቀን ሁላችንንም ታስበዪናለሽ» እያለ እየተነጫነጨ ሳንባውን ግን ራሱ ይቆርጥልኛል።

አንድ አርብ ቀን እኔ ሱቅ ነበርኩ። ያን ጠዋት ሳላሻግርላት ወጥቼ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እትዬ ማንያህልሻል ዘንቢሏን ይዛ ስትሮጥ መጣች። ሩጫዋን ሳይ ከወንበሬ ተነሳሁ።

«ሸምሱ፣ ቶሎ በልልኝ» አለች። ወደኔ ጠጋ ብላ በጆሮዬ «ቻለው ማላዘን ጀምሯል» አለችኝ።

ሸምሱ ሳንባውንም፣ አጥንቱንም፣ ያገኘውን ሁሉ ዘንቢሉ ውስጥ ጨመረ። ልታነሳው ስትል ተስፋዬ ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ ከነጓደኛው በሩ ላይ ቆመ።

«እትዬ ማንያህልሻል! ይሄ ሁሉ ሥጋ ለማን ነው?» አለ። እየሳቀ ነው፣ ዓይኑ ግን አይስቅም። «ውሾቹ ጫካ ገብተዋል አላሉንም?»

«ለድመቶቹ ነው» አለች።

ጎንበስ አለና ከዘንቢሉ ውስጥ አንድ ትልቅ የእግር አጥንት አወጣ። «ድመት ይሄን ይግጣል እንዴ? ወይስ እርስዎ ቤት ሌላ ጥርስ ያለው ነገር አለ?»

በዚህ መሃል፣ አላህ ሲጥል፣ የማርያም ማኅበር ሴቶች ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከቅዳሴ ሲመለሱ ደረሱ። ልጃቸውን ጠመንጃ ይዞ ሲያዩ እትዬ ሸዋረገድ ቆሙ፣ ሌሎቹም ቆሙ። አሥር ሴት ነጭ ለብሶ ያያታል። እትዬ ማንያህልሻል ዘንቢሉን አየች፣ ተስፋዬን አየች፣ ጓደኞቿን አየች። ከጠዋት ጀምሮ ውኃ ያልገባበት ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ነበር፣ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ።

«ለእኔ ነው» አለች።

«ምን አሉ?»

«ለእኔ ነው አልኩህ። እኔ ነኝ የምበላው። ራበኝ፣ ገዛሁ። አጥንቱን እቀቅላለሁ፣ መረቁን እጠጣለሁ። ክልክል ነው?»

«በስመ አብ!» አሉ እትዬ ሸዋረገድ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ማንያህልሻል? በሑዳዴ? የእስላም ሥጋ?»

«አዎ» አለች፣ ዓይናቸውን ሳታይ።

ተስፋዬ ደስታው ወሰን አጣ። ጥርጣሬው ሁሉ ጠፋ፣ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። «ይበርቱ ጓድ! እንዲህ ነው እንጂ!» አለ። አጥንቱን ራሱ ዘንቢሉ ውስጥ መለሰላት። ሴቶቹ እንደ ተቃጠለ ነገር ራቁላት፣ መንገድ ለቀቁላት። እሷም ዘንቢሉን በሁለት ጣቷ ሳይሆን፣ ያን ቀን፣ ደረቷ ላይ አቅፋ ሄደች።

ሱቁን ጥዬ ተከተልኳት። ጋጣው ገብታ ሥጋውን ስትጥልላቸው ደረስኩ። ቻለው ማላዘኑን ተወ። ሦስቱም ጭጭ ብለው ሲበሉ ቆማ ታያቸዋለች። ከዚያ በርሜሉ ጋ ሄዳ እጇን ታጠበች፣ ታጠበች፣ ታጠበች። ያን ቀን እሷ ነች ሰባት ጊዜ የታጠበችው።

«እትዬ፣ እውነቱን ለእትዬ ሸዋረገድ ብቻ ንገሪያቸው። ጓደኛሽ ናቸው» አልኳት።

«እናት እኮ ናት፣ ዘሃራ። ልጇ ፊቷን አይቶ ያውቅባታል። ካወቀ ደግሞ ውሾቼም አይተርፉ፣ እኔም አልተርፍ።»

«ለንስሐ አባትሽስ?»

«ለእግዜር ነግሬዋለሁ። እሱ ቀበሌ ስብሰባ አይገባም» አለችኝና ባልዲዋን አነሳች።

በዚህ ያበቃ መስሎን ነበር። እሁድ፣ ልክ በቅዳሴ ሰዓት፣ ስብሰባ ተጠራ። ያኔ ሆን ብለው ነው በዚያ ሰዓት የሚጠሩት። ተስፋዬ መድረክ ላይ ወጣና እትዬ ማንያህልሻልን አስነሳት። «ይቺ እናት» አለ፣ «የኋላ ቀር ልማድን ሰንሰለት በጥሳ፣ የእስላም ነው የክርስቲያን ነው፣ ጾም ነው ፍስክ ነው ሳትል፣ እንደማንኛውም ሰፊ ሕዝብ ሥጋዋን የምትበላ ቆራጥ ጓድ ናት! አጨብጭቡላት!» ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ምን ላድርግ፣ ያላጨበጨበ ይታያል። የማኅበሩ ሴቶችም እያዩዋት አጨበጨቡ። እንዲህ ያለ ጭብጨባ ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም፣ አላህም አያሰማኝ። እትዬ ማንያህልሻል ሁሉም እስኪያበቃ ቆማ ቆይታ እጅ ነሳችና ተቀመጠች። ቁጭ ስትል ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ፋሲካ አለፈ። የማኅበሩ ጽዋ ወር በወር ይዞራል፣ በዚያ ሰሞን ተራው የሷ ነበር። የሚመጡ መስሏት ነበር። ውሸት አይደለም፣ እውነት መስሏት ነበር። ጠላውን ጠመቀች፣ ግቢውን ጠረገች፣ ፈረሶቹን አጠበች፣ ድፎ ዳቦውን ጋገረች። በኮባ ቅጠል የተጋገረ፣ ሽታው አጥሩን አልፎ ይመጣል። ቀኑን ሙሉ በር ላይ ስትወጣ ስትገባ አያለሁ። እግር ኮቴ በተሰማ ቁጥር ነጠላዋን ታስተካክላለች። አንድም ሰው አልመጣም። ቄሱም አልመጡም። ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ሲሆን በአጥሩ ጠራችኝ።

«ዘሃራ፣ ነይ። ዳቦው ሊደርቅ ነው።»

ሄድኩ። ወንበሩ በረድፍ ተደርድሯል፣ ሁሉም ባዶ። ዳቦው መሃል ላይ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ቢላዋውን ሰጠችኝ።

«እኔ እንዴት እቆርሳለሁ? የማርያም ዳቦ እኮ ነው» አልኳት።

«ባለቤት አይቆርስም። ቄስ የለ፣ ሽማግሌ የለ። ያለሽው አንቺ ነሽ፣ ቁረሺ።»

«ቢስሚላህ» አልኩና ቆረስኩት። እሷ ያን ጊዜ ሳቀች፣ ከልቧ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነባትና ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። ቦራ ገመዱን በጥሶ ኖሮ በዚህ መሃል ያን ክፉ ጭንቅላቱን በበሩ አሾለከ። ጠጋ አለችና አንድ ትልቅ ቁራሽ አጎረሰችው። እኔም በላሁ። ጨው እንኳ አልጎደለውም፣ አንዲት ነገር አልጎደለችውም ነበር።

ክረምቱ ገባ፣ የውሻው ነገር ተረሳ፣ ቀበሌው ሌላ የሚያሳድደው አገኘ። እሷም ቀስ ብላ ውሾቹን አወጣች። «ከጫካ ራሳቸው መጡ» አለች፣ ሰውም «እሺ» አለ። የሷን ስም ግን ከጫካ የሚመልሰው አልተገኘም። ክፉ ወሬ ካገኘ ሰው ምን ማጣሪያ ይፈልጋል? «ጾም ገዳፊዋ» እንደተባለች ቀረች። ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከዛፉ ስር ቆማ አስቀድሳ ትመለሳለች። እትዬ ሸዋረገድ መንገድ ላይ ሲያገኟት ይሻገሩ ነበር። ጠላዋን የሚጠጣው እንኳ ቀነሰ። እሷ ግን ያው ባልዲዋን ይዛ ትዞራለች። ቻለው በእርጅና ሞተ፣ ቀጥሎ ሸጋ፣ ቀጥሎ ታዘብኩ። ለታዘብኩ እኔ አለቀስኩ፣ እመኑኝ።

ደርግ የወደቀ ጊዜ ሮጬ ሄድኩባት። «በይ አሁን ተናገሪ! ማንን ትፈሪያለሽ? ተስፋዬም ጠመንጃውን አስረክቦ ቤቱ ተቀምጧል!» አልኳት። ቦራን እያሻሸችው ነበር፣ እሱም አርጅቶ ጥርስ አልነበረውም።

«አሁን ብነግራት ሸዋረገድ ምን ትሆናለች?» አለችኝ። «ጓደኛዬን በሐሰት ጣልኩ ብላ ስትቃጠል ልትኖር ነው። ልጇንም እንደ ልጅ አታየው። እኔ የፈለግሁትን አግኝቻለሁ፣ ውሾቼ በሰው እጅ አልሞቱም። እሷ ምን ታገኛለች? ተይው።»

«ስምሽስ?»

«ስሜን አደራ ያለኝ የለም» አለች። ከዚያ ነው ያን ቃል ያስገባችኝ። ተናድጄ ወጣሁ፣ ሳምንት አኮረፍኳት፣ ወላሂ።

እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ሴት ነው የቀበርናት። ንስሐ አባቷ ፈትተዋታል፣ አፈሯ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ነው፣ እሱስ ተመስገን። ከቀብር ስንመለስ ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ንፍሮ ዞረ። የኔን ንፍሮ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። እትዬ ሸዋረገድ ከፊት ለፊቴ ናቸው፣ አርጅተዋል፣ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ተስፋዬ ፀጉሩ ሸብቶ የእድሩን አግዳሚ ወንበር ይሸከማል። እንዳልናገር አሰብኩ። የሸምሱን ግድግዳ አሰብኩ።

«ነፍሷን ይማር» አሉ እትዬ ሸዋረገድ። «ሴትነቷስ ሴት ነበረች። ያቺን ሥጋ ባትበላ ኖሮ።»

ተነሳሁ። ንፍሮው ሁሉ መሬት ፈሰሰ።

«አልበላችም!» አልኩ። ድምፄ ለራሴም የኔ አልመሰለኝም። «አንዲት ጉርሻ አልበላችም! ውሾቹ ጋጣ ውስጥ ነበሩ። እንዳይጮሁ ነው። ሥጋውን የምሰጣት እኔ ነኝ። ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ውኃ በአፏ አልዞረም ነበር፣ ጾማ ነበር! ከሁላችሁም በላይ ጾማ ነበር!»

እትዬ ሸዋረገድ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። «ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?» አሉ። «ጓደኛዋ ነበርኩ እኮ። ለእኔ እንኳ?»

ልመልስላቸው አልፈለግሁም ነበር። ዓይኔ ግን ሳላዘው ወደ ተስፋዬ ሄደ። ወንበሩን እንደተሸከመ ቆሟል። እሳቸውም ዓይኔን ተከትለው ልጃቸውን አዩት፣ ብዙ አዩት። ከዚያ ፊታቸውን ወደኔ መለሱ።

«ያን ጊዜ» አሉ፣ «የማኅበር ተራዋ የደረሰ ጊዜ… ደግሳ ነበር?»

«ደግሳ ነበር፣ እትዬ።»

«ዳቦ ጋግራ?»

«ጋግራ።»

«ማን በላው?»

«እኔና ፈረሱ» አልኳቸው።